መጮህ ለማይችል ሰው የሌሊት መጥሪያ

መናገርም መንቀሳቀስም ያቃተውን ሰው ስታስታምሙ ቀኑ እንደምንም ያልፋል። አጠገቡ ናችሁ። ፊቱን ታያላችሁ። ቅንድቡ ከፍ ሲል ምን እንደፈለገ ይገባችኋል። ጭንቁ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ሁሉም ወደየመኝታው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ምራቅ ቢያንቀው ማንን ይጠራል? በምንስ ይጠራል?

እኛ ቤት ይህ ጥያቄ የመጣው በእናቴ ሕመም ነው። በሽታዋ ኤ ኤል ኤስ ይባላል። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው። ለጠያቂ ዘመድ "ያ ዊልቸር ላይ የነበረው ሳይንቲስት፣ ስቲቨን ሆኪንግ፣ የታመመው" ስንል ነው ቶሎ የሚገባው። እጅና እግር ይዝላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ ቆይቶ የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። የስሜት ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይነካም። ማሳከኩም፣ ብርዱም፣ የሽንቱ መምጣትም እንደ ማንኛችንም ይሰማታል። ሊጠይቅ የመጣ ሰው "ምስኪን፣ ምንም አይሰማትም እኮ" ሲል በጣም ነው የምናደደው። ይሰማታል። የጆሮዋ ጫፍ ትራሱ ላይ ታጥፎ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያማታል።

ይህን የምጽፈው ለኤ ኤል ኤስ ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። አንገቱ ላይ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት፣ ስትሮክ ንግግሩንና እጅ እግሩን የወሰደበት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ የሌሊቱ ጣጣ አንድ ነው።

የጀመርነው በቃጭል ነው። አክስቴ ያመጣችው ትንሽ ቃጭል አልጋው ግርጌ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ክር ታሰረለትና ክሩ ወደ እማዬ ቀኝ እግር ተሳበ። ስናወራው ሰው ይስቃል። ግን እግሯ ክር መሳብ እስከቻለ ድረስ እንደዚያ ቃጭል የታመነ ነገር አላየሁም። ባትሪ አይፈልግም። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። የምታስታምሙት ሰው እግሩን ወይ እጁን ትንሽ እንኳ የሚስብ ከሆነ ዛሬ ማታ በዚህ ጀምሩ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ክሩን ጣት ላይ አትሰሩት፤ ደም ይይዛል። ካልሲ አልብሱና ከካልሲው ጋር እሰሩት።

ከዚያ ቀጥሎ ሰው የሚገዛው የሕፃናት ማዳመጫ ነው፣ ወላጆች የልጃቸውን ለቅሶ ከሌላ ክፍል የሚሰሙበት። ድምፅ ማውጣት ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ቃል ባይወጣውም ማቃሰት ከቻለ ይበቃል። ችግሩ ሌሊት የመተንፈሻ ማሽን፣ ባይፓፕ የሚባለውን፣ የሚጠቀም ሰው ላይ ነው። ጭምብሉ ሥር ሆኖ ቢያቃስት ሹው ሹው የሚለው የማሽኑ ድምፅ ይውጠዋል። ድምፅ ሲሰማ ብቻ የሚከፈተው ዓይነት ማዳመጫ ደግሞ በማሽኑ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ያድራል። እናንተም ሹውታውን ትለምዱትና ጭልጥ ብላችሁ ትተኛላችሁ።

በስልክ ደውሎ መስመሩን ሌሊቱን ክፍት የሚተውም አለ። አልወደውም። ኔትወርክ ሲቆረጥ የሚነግራችሁ የለም። ፀጥታውን ሰምታችሁ "እሰይ፣ ዛሬ ተኝታለች" ትላላችሁ። ስለ ማንኛውም የሌሊት መጥሪያ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሲበላሽ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ "የትኛውን ዕቃ ልግዛ?" ይለኛል። ዕቃው ይቆይ። አስቀድሞ የሚፈለገው እንቅስቃሴው ነው። ከሰውነቱ ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሞት፣ በርዶት፣ ብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚታዘዝለት የትኛው ነው? እሱ ሲታወቅ ዕቃው ራሱን ይመርጣል።

እኔና ወንድሜ ፍለጋውን ያደረግነው ማታ ነው። እማዬን እንደምትተኛው አስተኛናት፣ ጭምብሏን አደረግንላት፣ አለበስናትና መብራቱን ቀነስን። ከእግር ጀምረን ወደ ላይ ወጣን። "እማዬ፣ የእግርሽን አውራ ጣት።" ይንቀሳቀሳል፤ ብርድ ልብሱ ግን ከጣቷ ይበረታል። "የእጅሽን አውራ ጣት።" ቀን ላይ ታብሌት የምትነካበት ጣት ነው፣ ብዙ ተስፋ ያደረግነውም እሱን ነበር። ማታ በርዷት ድርቅ ብሏል። "ጉልበትሽን።" ምንም። "እስኪ ጭንቅላትሽን ወደ ግድግዳው።" ትራሱ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ወደ ግራ ዞረች። ድገሚው አልናት፣ ደገመች። ተመለሺ አልናት፣ ተመለሰች። ትንሽ አሳርፈን እንደገና ጠየቅናት። አሁንም ዞረች፣ ዓይኗም "በቃችሁ፣ ገባኝ" የሚል ይመስል ነበር።

መመለሷ እንደ መዞሯ ያህል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን አያየውም። ነክቶ መልቀቅ የማይችል ሰው ጭንቅላቱ ቁልፉ ላይ ይቀራል። ደወሉ አንዴ ይጮህና ያበቃል፤ ሁለተኛ መጥራት አይችልም። ሌላው መታየት ያለበት ነገር ሳያስቡት የሚመጣ እንቅስቃሴ ነው። ሳል፣ ማዛጋት፣ የጡንቻ መኮማተር። በሚኮማተር እግር ላይ መጥሪያ ካደረጋችሁ ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ስትሮጡ ታድራላችሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን "ያው ነው" ብላችሁ አትነሱም። ያ ነው የሚያስፈራው።

በከንፈር የሚሠራም አለ። በቀጭን ቱቦ እፍ ሲሉበት ወይ ሲስቡት የሚበራ። አንገቱ ተጎድቶ ፊቱ ደህና ለሆነ ሰው ግሩም ነው። ከንፈሩ ለደከመ ወይም ጭምብል ለሚያደርግ ግን አይሆንም። በዓይን የሚታዘዙት ኮምፒውተሮች ቀን ላይ ሕይወት ናቸው። ማታ ግን ስክሪኑ ፊት ላይ እያበራ እንዴት ይተኛል? በዚያ ላይ ሰውየው ወደ ጎን በተገላበጠ ቁጥር ስክሪኑም አብሮ መዞር አለበት። አንድሮይድ ስልክ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ፈገግታንና ቅንድብ ማንሳትን በካሜራ አይቶ እንደ ቁልፍ ይቆጥራል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ካሜራው ፊት እንዲታየው ብርሃን ይፈልጋል። ሆኪንግ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒውተሩን ያዝ የነበረው በጉንጩ ነው፤ መነጽሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ ሴንሰር የጉንጩን መነቃነቅ ትይዝ ነበር። ሌሊትና ቀን የማይለዩት አስታማሚዎችም ነበሩት፣ ይህን አንርሳ።

እሺ፣ እንቅስቃሴው ታወቀ እንበል። ለአካል ጉዳተኞች ተብለው የሚሠሩ ቁልፎች አሉ፣ ስዊች እንበላቸው። ጄሊ ቢን የሚባለው ክብ ነው፣ ስፋቱ ስድስት ሴንቲሜትር ገደማ። ጭንቅላት ወይ እጅ እላዩ ላይ ዘንበል ቢል ይበቃዋል። ማይክሮ ላይት የሚባለው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ወደ 10 ግራም የምታህል ግፊት ይበቃዋል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢቀመጥበት ይጫናል ማለት ነው። የተለመደ የበር መጥሪያ ቁልፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። እኛ አንዱን ያገኘነው ሜሪላንድ ያለው አጎቴ በሰው ሻንጣ ልኮልን ነው።

የእነዚህ ስዊቾች ትልቁ በረከት መሰኪያቸው ነው። ሁሉም ለማለት ይቻላል 3.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ የድሮ ስልክ ኢርፎን የሚሰካበት ዓይነት ጫፍ አላቸው። ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ሲጫኑ ሁለቱ ይነካካሉ፣ ሲለቀቁ ይለያያሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚሸጠውን ገመድ አልባ የበር መጥሪያ የሌሊት መጥሪያ ማድረግ ይቻላል።

እንዲህ ነው። የበር መጥሪያው ሁለት ክፍል አለው፤ የሚጫነው ቁልፍና የሚጮኸው ሳጥን። የሚጫነውን ክፍል ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱ። "ይህ ቁልፍ ሲጫን የሚነካኩትን ሁለት እግሮች ወደ ውጪ አውጣልኝ፣ ጫፉ ላይ የኢርፎን ማስገቢያ በይድልኝ" በሉት። ጠጋኙ ከፍቶ ያየዋል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ብዙ ጊዜ አራት እግር አላት፤ ሁለት ሁለቱ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው። የትኞቹ እንደሚፈለጉ በቴስተር ለክቶ ያውቃል። እኔ የሄድኩበት ልጅ "ይቺማ ሁለት ሽቦ ናት" ብሎ ቡናዬን ሳልጨርስ ሰጠኝ። የድሮው ቁልፍም እንዳለ ይሠራል፤ ቀን ላይ አስታማሚው ራሱ ሰው መጥራት ሲፈልግ ይጫነዋል።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንዱ ባትሪ አልባ የሚባሉትን መጥሪያዎች ነው። ቁልፉ በመጫኑ ጉልበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ለበር ጥሩ ነው፣ ለኛ ግን አይሆንም፤ ጠንክሮ መጫን ይፈልጋል፣ ሽቦ በይዳችሁ ብታወጡለትም አይጠቅማችሁም። ሁለተኛ፣ የሚጮኸው ሳጥን ሶኬት ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይሆን። መብራት ሲጠፋ እሱም ይሞታል። ድንጋይ የሚቀበለውን ፈልጉ። ሦስተኛ ዜማው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ዜማ አለ፣ አንዳንዱ እሹሩሩ ነው የሚመስለው። የስልካችሁን አላርም የማይመስል፣ አስቀያሚውን ምረጡ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ እንዳይኖረው ጠይቁ። እኛ ፎቅ ላይ ሌላ ሰው እንግዳ በመጣለት ቁጥር እኛ የምንዘልበት ጊዜ ነበር።

የቁልፉን ትንሽ ባትሪ እስኪያልቅ አንጠብቅም። ወር በገባ በልደታ ቀን አንድ ወር እየዘለልን እንቀይረዋለን። እማዬ ቀኑን ስለማትረሳ በዓይኗ ታስታውሰናለች።

መብራትን ካነሳሁ አይቀር። ባይፓፕ የምትጠቀሙ፣ ማሽኑ የራሱ ባትሪ እንዳለውና እንደሌለው ዛሬውኑ እዩ። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች የላቸውም። መብራት ሲሄድ አየሩ ይቆማል፣ ጭምብሉ ግን ፊት ላይ እንደታሰረ ነው። እጁን ማንሳት ለማይችል ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን ላይ፣ ሰክተነዋል። ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ጢጥ ጢጥ ይላል። ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያማርርበት ያ ድምፅ እኛ ቤት ዋናው የመብራት ማንቂያ ነው፤ ድምፁን አጥፉት የሚል ካለ አትስሙት። ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ማሽኑን አስነስታችሁ ቀን ላይ ለኩ። የማሽኑ የራሱ ማንቂያ ጭምብል ሲወልቅ ይጮህ እንደሆነም ሐኪሙን ወይም ማሽኑን የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሲገዛ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በር ዘግታችሁ ከሌላ ክፍል ይሰማ እንደሆነም ሞክሩ።

አቀማመጡ ከዕቃው በላይ ያደክማል። ስዊቹ ፍራሽ ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይንሸራተታል። ትራስ ሥር ከገባ ጭንቅላት ብቻውን ይጫነዋል። እኛ የተጠቀምነው እንደ ልብ የሚታጠፍ አንገት ያለው የስልክ ማቆሚያ ነው፣ ተኝቶ ፊልም ለማየት የሚሸጠውን። አልጋው ጠርዝ ላይ ይነክሳል፣ ጫፉ ላይ ስዊቹ በፕላስተር ይታሰራል። ከጉንጯ አንድ ጣት ርቆ ይቆማል። ከዚያ ከቀረበ ስትተነፍስ ትነካዋለች፤ ከራቀ አትደርስበትም።

የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባት ሌሊት እናገላብጣታለን። በተገላበጠች ቁጥር ስዊቹም ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ቤታችን አንድ ሕግ አለ። ክፍሉን ለቅቆ የሚወጣ ሰው "እማዬ፣ ጥሪኝ" ይላል። ደወሉ ካልጮኸ አይወጣም። ሠራተኛችንም፣ ለአዳር የመጣ ዘመድም ይህን ያደርጋል። በዚህች አንድ ጥሪ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ቦታው፣ የእሷም አቅም አብሮ ይፈተሻል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕቃ ነው። ከዕቃው የባሰው ይሉኝታ ነው። እማዬ መጥሪያው እጇ ገብቶም፣ ማለቴ ጉንጯ ሥር ሆኖም፣ አትጠራም ነበር። ጠዋት ስንጠይቃት ሌሊቱን ነቅታ ነው ያደረችው። "ልጆቼ ሥራ ይሄዳሉ፣ ይተኙ" ነው ነገሩ። የሐበሻ እናት ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። ሲነገራት እሺ ትላለች፣ ሲመሽ ያው ናት። የጠቀመን ተራ ማውጣታችን ነው። ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ፣ ነገ ወንድሜ። የሚጮኸው ሳጥን ተረኛው ክፍል ብቻ ያድራል። እማዬ የምትቀሰቅሰው ማንን እንደሆነ ስታውቅ፣ ያም ሰው ነገ አርፍዶ እንደሚነሳ ስታውቅ፣ መጥራት ቀለላት። ሌላው፣ ስንገባ የምናሰማው ድምፅ ነው። ተነፋፍሶ፣ እግሩን እየጎተተ የሚገባ ሰው ምንም ባይናገርም ተናግሯል። ወንድሜ "አቤት እማዬ!" እያለ ነው የሚገባው፣ ቀን እንደተጠራ ሰው። ከእሱ ነው የተማርነው።

ደወሉ የሚለው "ና" ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም። እንቅልፍ ባልለቀቀው ጭንቅላት ግምት መጀመር ሁለታችሁንም ያደክማል። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር ለጥፈናል። ቅደም ተከተሉ በአደጋው ልክ ነው፤ አየር፣ ምራቅ፣ ጭምብል፣ ከዚያ ሽንት፣ ሕመም፣ መገላበጥ። በመጨረሻ ጥቃቅኑ ይመጣል፤ ጆሮ፣ ማሳከክ፣ የተጣመመ ቀሚስ፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ ትንኝ። "አዎ" ማለት ወደ ላይ ማየት ነው፣ "አይ" ዓይንን ጨፍኖ መቆየት። ዓይን ማርገብገብን ለ"አዎ" አትጠቀሙ፤ ዓይን ሳያስቡትም ይርገበገባል። ዝርዝሩን ከራሷ ጋር ነው የሠራነው። "ትንኝ"ን ያስገባችው እሷ ናት።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሲሆን የፊደል ገበታ አለ። በሰባቱ ቤት የተደረደረው ገበታ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። "ሀ፣ ለ፣ መ" እያልኩ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ወደ ላይ ስታይ እቆማለሁ። ከዚያ ወደ ጎን "መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ"። ሁለት ፊደል ሲወጣ ቃሉን ብዙ ጊዜ እደርስበታለሁ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን፣ ሐንና ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ከገበታው አውጥተናቸዋል። የእናቴ የንስሐ አባት አልወደዱትም፤ ሌሊት ግን አጭሩ ነው የሚሻለው።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት መንግሥት የሚደግፈው የረዳት ቴክኖሎጂ ፕሮግራም አለው፣ ስዊችና መሰል ዕቃ ለሙከራ ያውሳል። ሳትገዙ ወስዳችሁ ማታ ማታ ሞክሩት። የአሜሪካው ኤ ኤል ኤስ ማኅበርም፣ እንግሊዝ ያለው የሞተር ኒውሮን በሽታ (ኤ ኤል ኤስን እዚያ የሚጠሩበት ስም ነው) ማኅበርም ዕቃ በማዋስ ቤተሰቦችን ይረዳሉ። ቤት የሚመጣው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ታማሚው የዕለት ተዕለት ኑሮውን እንዲወጣ የሚረዳው ባለሙያ፣ ሲጠይቃችሁ ስለ ቀኑ ብቻ አታውሩ። ሌሊቱን እናንተ ካላነሳችሁት ላይነሳ ይችላል። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአረጋውያን መጥሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጭኖ ከማዕከሉ ሰው ጋር ለሚነጋገር ሰው የተሠራ ነው። የኛ ሰው ሁለቱንም አይችልም።

በሽታው የሚሄድ በሽታ ከሆነ፣ ያሁኑ ስዊች ደህና እየሠራ ሳለ ቀጣዩን መለማመድ ጥሩ ነው። የእማዬ አንገት አሁን እየደከመ ነው። ስለዚህ ማይክሮ ላይቱን ቅንድቧ ላይ በፀጉር ማሰሪያ አድርገን በሳምንት አንድ ሁለት ማታ እንሞክራለን፣ ጄሊ ቢኑ ከቦታው ሳይነሳ። የኢርፎን ማከፋፈያ ገመድ ገዝተን ሁለቱንም አንድ መጥሪያ ላይ ሰክተናቸዋል። አንዱ ባይይዝላት ሌላው ይጠራል። ማከፋፈያውን ስትገዙ ከስዊቻችሁ ጋር ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፤ አንዳንዱ ለድምፅ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይሠራም።